የታጠበው መስተዋት
ስለ አሮጌ ባለ አምፖል ራዲዮ ጥገና የቀረበ ሂስ

ባለፈው ዓመት አባቴ ትቶልን የሄደውን ጀርመን ሠራሽ ባለ አምፖል ራዲዮ ለአንድ ጠጋኝ ሰጥቼ ነበር። ሰውየው በሌላ ሙያ የሚተዳደር ነው፤ ማታ ማታ ግን አሮጌ ራዲዮ ፈትቶ መግጠም ፍቅሩ ነው። ከወር በኋላ ሲያስረክበኝ ሣጥኑ ፊት ያሳያል፤ ድምፁም ወጥቷል። ሆኖም በጣቢያ ማሳያው መስተዋት ላይ በመስመር በመስመር ተደርድረው የነበሩት የከተሞች ስሞች የሉም። «አቧራ ስለ በዛበት በሳሙና አጠብኩት፤ ጽሕፈቱ አብሮ ሄደ» አለኝ አፈር እያለ። ዓይን ሊኩል ሄዶ ዓይን አጠፋ የሚባለው ይኸው ነው።

ይህን የማነሣው ሰውየውን ለመውቀስ አይደለም። ድካሙን አይቻለሁ፤ ለሠራበትም ከዕቃው ዋጋ በላይ አላስከፈለኝም። የማነሣው ጉዳዩ ከእኔ ቤት ስለሚያልፍ ነው። አሮጌ ራዲዮ መጠገን በዓለም ዙሪያ የብዙ ሰዎች የትርፍ ጊዜ ሥራ ሆኗል፤ በእንግሊዝ አገር የእነዚህ ሰዎች ማኅበር ከተቋቋመ (እ.ኤ.አ. በ1976) ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ሆኗልም ማለት ይቻላል። ሥራው ይህን ያህል ዕድሜ ካለው ደግሞ እንደ ማንኛውም ጥበብ ሊተች ይገባዋል። ለመሆኑ ጥሩ ጥገና ምንድን ነው? መጥፎውስ?

ቋንቋችን መልሱን በከፊል ይዟል። «ማደስ» አዲስ ማድረግ ነው። «መጠገን» ግን የተሰበረውን መደገፍ፣ ያለውን ማቆየት ነው። የእኔ ክርክር አጭር ነው፤ አሮጌ ራዲዮ ይጠገን እንጂ አይታደስ። አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው ሁለቱን ካለመለየት ነው።

በመጀመሪያ ከውስጥ እንጀምር፤ የጠጋኙ እውነተኛ ችሎታ የሚለካው እዚያ ነውና። ባለ አምፖል ራዲዮ ሲከፈት ወዲያው አይናገርም። የአምፖሎቹ ክሮች ግለው እስኪቀሉ ድረስ መጠበቅ አለ። የጋለው ብረት ኤሌክትሮኖችን ይለቃል፤ ግሪድ የሚባለው ሽቦ እንደ በር ጠባቂ ሆኖ ፍሰቱን ይቆጣጠራል፤ ከአንቴና የመጣችው ደካማ ምልክት በዚህ መንገድ ጎልታ ድምፅ ማጉያውን ታንቀጠቅጣለች። ሰዎች ሁልጊዜ አምፖሉ ተቃጠለ ብለው ያስባሉ። ነገር ግን አምፖል ብዙ ዘመን ይኖራል፤ ቀድሞ የሚያረጀው ኮንደንሰር ነው። በወረቀትና በሰም የተሠሩት የዚያን ጊዜ ኮንደንሰሮች እርጥበት ይስባሉ፤ እርጥበት የሳበ ኮንደንሰር ሊያግደው የሚገባውን ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ይጀምራል። ከሁሉም የከፋው በመጨረሻው አምፖል ግሪድ ላይ ያለው ነው። እሱ ሲያሾልክ አምፖሉ ከልክ በላይ ይስባል፤ ቀጥሎ በምትኩ የማይገኝ ትራንስፎርመር ይቃጠላል።

ስለዚህ ለአርባ ዓመት ተዘግቶ የኖረን ራዲዮ «እስቲ ይሠራ እንደሆነ» ብሎ ከሶኬት መሰካት ትልቁ ስሕተት ነው። አዋቂው ጠጋኝ አስቀድሞ ይለካል፣ የሚያሾልኩትን ይለውጣል፣ ከዚያም በመስመሩ ላይ ተራ የቤት አምፖል በተከታታይ አገናኝቶ ኤሌክትሪኩን ቀስ አድርጎ ያስገባል። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከቀረ ውስጡ ጥፋት አለ ማለት ነው፤ ያጠፋዋል። የሚሠራበት ኤሌክትሪክ ከ200 ቮልት በላይ ስለሆነና ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ በኮንደንሰሮቹ ውስጥ ሊቆይ ስለሚችል፣ ቸኩሎ እጁን የሚሰድ ሰው ለራሱም ያሠጋዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እዚህ ግን መልቀሚያ ጊዜ ላይገኝም ይችላል።

በዚህ ላይ ጠጋኞች ራሳቸው የሚከራከሩበት አንድ ነጥብ አለ። አንዳንዱ የሞተውን ኮንደንሰር አውጥቶ ሆዱን ባዶ ያደርግና ትንሹን አዲስ ኮንደንሰር በአሮጌው ቀፎ ውስጥ ይደብቃል፤ በሰምም መልሶ ይደፍነዋል። ሻሲው ሲገለበጥ ሁሉም ነገር የፋብሪካ ይመስላል። የእጅ ሥራው ያስደንቃል፤ ትዕግሥቱን አለማድነቅ አይቻልም። እኔ ግን ልቤ ወደ ሌላው ወገን ያደላል፤ አዲሱን ዕቃ በግልጽ ገጥሞ፣ አሮጌውን በትንሽ ከረጢት አድርጎ በሣጥኑ ውስጥ ወደሚያኖረው፣ ምን መቼ እንደ ተለወጠ በወረቀት ጽፎ ከጀርባው ክዳን ላይ ወደሚለጥፈው። ነገ የሚመጣው ጠጋኝ ያ ወረቀት ያስፈልገዋል። ጥገና ከተደበቀ ማስመሰል ይሆናል፤ ከተጻፈ ግን የዕቃው ታሪክ አንድ ምዕራፍ ይሆናል።

አሁን ወደ መስተዋቱ ልመለስ። ጽሕፈቱ የታተመው በመስተዋቱ ጀርባ በስስ ቀለም ነው፤ ዘመናት ሲያልፉ ቀለሙ ይለቅና በውኃ እንኳ ይታጠባል። ስለዚህ ከፊት እንጂ ከጀርባ አይነካም። ይህን የማያውቅ ጠጋኝ በአንድ ጨርቅ አንድ መጽሐፍ ያጠፋል። መጽሐፍ ማለቴ ለማጋነን አይደለም። ሂልቨርሰም፣ ቤሮሙንስተር፣ ሉክሰምበርግ የሚሉት ስሞች በአውሮፓ ራዲዮኖች ላይ የሚነበቡ ነበሩ። ዛሬ መርፌውን እዚያ ብታቆሙት ጫጫታ እንጂ ድምፅ አይመጣም። የሉክሰምበርግ የእንግሊዝኛ ሥርጭት እ.ኤ.አ. በ1992 አበቃ፤ ቤሮሙንስተር በ2008 ከመካከለኛ ሞገድ ወጣ፤ የሆላንድ የሕዝብ ራዲዮ በ2015 ተከተለው። መስተዋቱ የዝም ያሉ ጣቢያዎች መዝገብ ሆኗል ማለት ነው። መዝገብ ደግሞ አይታጠብም።

ከፍ ያለ ምሳሌ ካስፈለገ የናዚ ጀርመን «የሕዝብ ራዲዮ» አለ። እ.ኤ.አ. በ1933 ሲወጣ ቪ.ኢ.301 ተባለ፤ ቁጥሩ ሂትለር ሥልጣን የያዘበትን ጥር 30 የሚያስታውስ ነው። በርካሽ ተሠርቶ በየቤቱ እንዲገባ የተፈለገው ሁሉም ሰው አንድ ድምፅ እንዲሰማ ነበር፤ ከ1939 ጀምሮ የውጭ ጣቢያ ማዳመጥ በሕግ የሚያስቀጣ ሆነ። በአንዳንዶቹ የባክላይት ሣጥኖች ላይ ንስርና ስዋስቲካ ተቀርጿል። ይህን የሚጠግን ሰው ምልክቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ያጥፋው? ስሜቱ ይገባኛል። ነገር ግን ምልክቱ ሲጠፋ ሣጥኑ ደግ የቤት ዕቃ መስሎ ይቀርባል፤ የነበረበትን ሥራ ይደብቃል። ክፉውንም ሆነ ደጉን ታሪክ ለማጥፋት አንዱ ብርጭቆ ወረቀት ይበቃል።

በእኛም አገር ራዲዮ ታሪክ የሌለው ዕቃ አይደለም። የራዲዮ ሥርጭት በ1928 ዓ.ም. ተጀምሮ በጠላት ወረራ ተቋረጠ፤ ከነፃነት በኋላ ቀጠለ። ብሥራተ ወንጌል በ1955 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ መናገር ጀመረ፤ በ1969 ዓ.ም. ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ። የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ዝግጅት በ1957 ዓ.ም. ተጀመረ። እነዚህን ያዳመጠ ትውልድ ራዲዮውን በብፌ ላይ አስቀምጦ ዳንቴል አልብሶት ኖሯል። በእኛ ቤትም እንዲሁ ነበር። በደርግ ዘመን አባቴ ማታ መስኮት ተዘግቶ፣ ድምፁ ተቀንሶ፣ ጆሮውን ከሣጥኑ አስጠግቶ ያዳምጥ ነበር። በአጭር ሞገድ መስመር ላይ ጣቢያውን ቶሎ እንዲያገኘው በእናቴ የጥፍር ቀለም ሦስት ቀይ ነጥቦች አስቀምጦ ነበር። ሳሙናው እነዚያንም ወሰዳቸው። የከተሞቹ ስም ያለበት መስተዋት ከሌላ ራዲዮ ሊገኝ ይችላል፤ ሦስቱን ነጥቦች ግን ከየትም አላገኛቸውም።

ለዚህ ነው የሚያብረቀርቀው ሣጥን ያላስደሰተኝ። እንጨቱ ተፍቆ በወፍራም ቨርኒሽ ተሸፍኗል፤ የሻይ ብርጭቆ ያተመው ክብ ጠፍቷል። በየአብያተ ክርስቲያናቱ የጥንት ሥዕል ደበዘዘ ተብሎ በዘይት ቀለም ሲደመቅ እንደምናዝነው ያለ ነው፤ ደምቋል፣ ግን ያ ሥዕል አይደለም። ከዚህም የባሰ አለ። አምፖሎቹንና ሻሲውን አውጥቶ ጥሎ፣ በባዶው ሣጥን ውስጥ ከስልክ በብሉቱዝ የሚዘፍን ድምፅ ማጉያ የሚከት አለ። ሣጥኑ ቀድሞ ውስጡ ባዶ ከሆነ ምንም አይደለም፤ ሊድን የሚችለውን ማራገፍ ግን አስከሬን አልብሶ ማስቀመጥ ነው።

«ጣቢያው ከጠፋ ራዲዮው መናገሩ ምን ይጠቅማል? ላም አለኝ በሰማይ ነው» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አንዳንድ ጠጋኞች ከግድግዳ የማያልፍ ትንሽ ማሠራጫ ሠርተው የድሮ ዘፈንና ዜና ለራሳቸው ራዲዮ ያሰማሉ። ጨዋታ ነው፤ ቢሆንም ማንንም አያታልልም፤ ዕቃውንም አይጎዳም። ራዲዮው እንደ ተሠራበት ሆኖ ይሰማል። ከዚህ በተረፈ ማዞሪያውን እያዞሩ ከጫጫታው መካከል የሩቅ ድምፅ መፈለግ ራሱ አንድ ዓይነት ማዳመጥ ነው፤ አባቴ ያደርገው የነበረውም ይህንኑ ነው።

በዚያ ራዲዮ ላይ አንድ ሳይነካ የቀረ ነገር አለ፤ ጣቢያ ሲያዝ የሚጠበው አረንጓዴ ዓይን። የዚህ አምፖል ብርሃን በበራ ቁጥር እየደከመ ይሄዳል፤ ሊለወጥ እንጂ ሊጠገን አይችልም። የእኛው በጨለማ ካልሆነ አይታይም። ጠጋኙ አዲስ ሊፈልግልኝ ፈቃደኛ ነበር። አልፈለግሁም። የደከመው ሲያዳምጥ ነውና።

ለጠጋኞች የምለው ይህ ብቻ ነው። ከመንካታችሁ በፊት ፎቶግራፍ አንሡ። ባለቤቱን «የትኛው ምልክት የማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የለወጣችሁትን ጻፉ፣ ያወጣችሁትን አትጣሉ። መስተዋቱን ደግሞ በደረቅ ብሩሽ አቧራውን ብቻ አራግፉለት።