ከቺፑ በፊት አምፖል

ለቦንጋ ዙሪያ የቡና ማድረቂያዎች ገመድ አልባ የዳሳሽ መረብ ስሠራ ቺፕ የምነካው ዘግይቼ ነው። ቀድሞ የሚመጣው ተራ አምፖልና ረጅም ገመድ ያለው ማብሪያ ነው። አምፖሉን ከማድረቂያው አልጋ ራስጌ እሰቅላለሁ፤ ማብሪያው መጋዘን ውስጥ ከተቀመጠ ባልደረባዬ እጅ ይገባል። እሱ የእርጥበት መለኪያውን እያነበበ፣ ቡናው መሸፈን አለበት ሲል ያበራል። መረቡ ገና ሳይኖር አሠራሩ ይሞከራል ማለት ነው። የኮምፒውተር ነዳፊዎች ይህን ስልት «የኦዝ ጠንቋይ» ይሉታል፤ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይሠሩበታል። ከጀርባ ሰው እንዳለ ለሠራተኞቹ ማታ ይነገራቸዋል፤ መሳቃቸው አይቀርም።

ቡና የሚያገላብጡት ሴቶች አምፖሉን ዞር ብለውም አላዩት። ዝናቡ ገና ከማዶው ጫካ ቅጠል ላይ ሲንሿሿ ሰምተው ሸራውን ጎትተዋል። «ዝናቡን እኛ እንነግርሃለን፤ ይልቅ ሌሊት ሸራው ሥር ያለውን ንገረን» አሉኝ። እውነት ነው፤ እርጥበት ከሸራው ሥር ካደረ፣ ወደ 12 በመቶ ሲወርድ የነበረው ጀንፈል መልሶ ይጠጣዋል፤ ከዚያ ወዲያ ሻጋታ ነው።

ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ቀርቶ የማለዳ ሪፖርት ሆነ። ሬዲዮውንም የመረጠልኝ ይኸው ነው። ኢኤስፒ32 የተባለው ዋይፋይ ያለው ቺፕ ርካሽ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ግሩም ይሠራል። ግን 2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድን እርጥብ ቅጠል ይውጠዋል፤ ዩኔስኮ በ2010 (እ.ኤ.አ.) በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት በመዘገበው የካፋ ደን ደግሞ ቅጠል አይቸግርም። ሎራ የተባለው ሬዲዮ ከ1 ጊጋኸርትዝ በታች ስለሚሠራ ርቆ ይሄዳል፤ የሚሸከመው ጥቂት ቁጥር ብቻ ነው። ለማለዳ ሪፖርት ይበቃል።

  እዚህ በሙከራ ሰሌዳ (ብሬድቦርድ) ላይ የተሰካ ሽቦ መኪናው ሲንገጫገጭ ይነቀላል፤ የመጀመሪያውን ሞዴል እንኳ የምበይደው ለዚህ ነው። ሞዴሉን የምሳ ዕቃ ውስጥ አስገብቼ የዕቃውን ቀዳዳ ወደ ታች አደርጋለሁ።

ያልተፈታው ዳሳሹ ራሱ ነው። እርጥበቱ 100 በመቶ አጠገብ ሲቆይ ንባቡ ከእውነቱ እየራቀ ይሄዳል፤ አየሩ ቢደርቅም ቶሎ አይመለስም። ሁለት ዳሳሽ ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። ንባባቸው ሲለያይ አንዱንም አላምንም፤ መልእክቱ የአልጋውን ተራ ቁጥር ብቻ ይዞ ይመጣል፤ ከሴቶቹ አንዷ ሄዳ ሸራውን ገልጣ ቡናውን በእጇ ትዳስሳለች።