«ግዛት»፣ «ክልል»፣ «አስተዳደር»፦ የአሜሪካን የመንግሥት እርከኖች በአማርኛ ስለ መሰየም

የአሜሪካን የመንግሥት አወቃቀር ወደ አማርኛ የሚመልሱ ጽሑፎች ሃምሳዎቹን የኅብረቱን አባላት «ግዛት» ማለትን ልማድ አድርገውታል። አጠራሩ በጋዜጣም በራዲዮም ስለ ጸና የሚጠራጠረው ጥቂት ነው። እኛ ግን ስያሜው ጽንሰ ሐሳቡን ይገለብጠዋል እንላለን።

«ግዛት» ከ«ገዛ» የወጣ ሲሆን የሚያመለክተው የተገዛውን እንጂ ገዥውን አይደለም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን «ጠቅላይ ግዛት» ከዙፋኑ የተሾመ እንደራሴ የሚያስተዳድረው አገር ነበር፤ ድሬዳዋም በሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት ሥር ሳለች ሥልጣን ከላይ ወደ ታች ይወርድ ነበር። በአሜሪካ ግን እ.ኤ.አ. በ1791 የጸደቀው ዐሥረኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ፣ ለፌዴራሉ መንግሥት ያልተሰጠውን፣ ለአባላቱም ያልተከለከለውን ሥልጣን ለአባላቱ ወይም ለሕዝቡ ያቆያል። ደግሞስ እንደ ጉዋም ያሉትን፣ በእርግጥም የዋሽንግተን ግዛት የሆኑትን ደሴቶች ምን ልንላቸው ነው? ቃሉ ለቴክሳስ ከተሰጠ ሁለት ተቃራኒዎች በአንድ ስም ይጠራሉ።

«ክልል» ይሻላል። ከ«ከለለ» የመጣ ስለሆነ አጥርን እንጂ ሥልጣንን አይናገርም የሚል ተቃውሞ ቢነሣ፣ በሥርወ ቃል ረገድ እውነት ነው። የሙያ ቃል ፍች የሚጸናው ግን በአገባቡ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 ለፌዴራል መንግሥት ተለይቶ ያልተሰጠውን ሥልጣን ለክልሎች በመተው ቃሉን ከአሜሪካው ጽንሰ ሐሳብ ጋር አቀራርቦታል። በአንቀጽ 106 መሠረት የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነውና «ክልል» ዋናው ቃል እንጂ የትርጉም ውጤት አይደለም።

ከክልል በታች ችግሩ ይከብዳል። «የአካባቢ መንግሥት» የሚለው ስያሜ ከተማው ከክልሉ ጋር የሚተካከል፣ ከራሱ የመነጨ ሥልጣን ያለው ያስመስላል። ዳኛ ዲለን እ.ኤ.አ. በ1868 በአዮዋ እንደ ወሰኑት ግን ማዘጋጃ ቤት ሥልጣኑን የሚያገኘው ከክልሉ ሕግ አውጪ ነው። (ክርክሩ በከተማ ስለሚያልፍ ሐዲድ ነበር፤ በባቡር ለተቆረቆረችው ድሬዳዋ እንግዳ ነገር አይደለም።) ስለዚህ «የአካባቢ አስተዳደር» እንመርጣለን።

የአሜሪካን ባለቻርተር ከተማ በድሬዳዋ ምሳሌ ማስረዳት ለተርጓሚ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ያሳስታል። ኦሮሚያና ሶማሌ ይገባኛል ያሏት ድሬዳዋ አንቀጽ 47 ከዘረዘራቸው ክልሎች አንዷ አይደለችም፤ ቻርተሯንም በአዋጅ ቁጥር 416/1996 ያገኘችው ከፌዴራሉ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ለሴንት ሉዊስ ግን ቻርተሯን ራሷ እንድትጽፍ የፈቀደው የሚዙሪ ክልል የ1875 (እ.ኤ.አ.) ሕገ መንግሥት ነው። ቻርተር የሚለው ቃል አንድ፣ ሰጪው ሁለት። የድሬዳዋ አቻ ይፈለግ ከተባለ፣ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1973 የውስጥ አስተዳደር ሕግ ያወጣላት ዋሽንግተን ትቀርባለች። በዚያ ላይ ድሬዳዋ የገጠር ቀበሌዎችን ስለምታጠቃልል አዋጁ «የድሬዳዋ አስተዳደር» ይላታል እንጂ «ከተማ» የሚለውን አይጨምርም።

ለሴንት ሉዊስ ዓይነቱ መብት «ራስ ገዝ» የሚለውን እናቀርባለን። ድሬዳዋ በ1980 ዓ.ም. ይህን ስም ተሰጥቷት ነበር፤ የዚያን ጊዜው ራስ ገዝነት ከስም እምብዛም ባያልፍም ቃሉ ጥፋት የለበትም። «ካውንቲ» እንዳለ ይጻፍ፤ «አውራጃ» ከላይ የተሾመ ገዥን ስለሚያስታውስ የካውንቲን ተመራጭ ሹማምንት አይገልጽም። በሉዊዚያና ካውንቲው «ፓሪሽ» ይባላል፤ እርሱንም «ደብር» ብሎ መተርጎም አይገባም።