የሰማ ላልሰማ እንዲያሰማ

አንድ የመንግሥት ማስታወቂያ በደንብ ተጽፎ እንደሆነ የሚታወቀው ከሰማው ሰው አፍ በወጣ ጊዜ ነው። ቅዳሜ ላሊበላ ገበያ ገብሱን ሸጦ፣ ጨውና ዘይቱን ሸምቶ ወደ አቡነ ዮሴፍ ግርጌ የሚመለስ ገበሬ ማታ ለጎረቤቱ «እንዲህ ተብሏል» ብሎ የሚነግረው፣ ማስታወቂያው እሱ ነው፤ ቁጥሩ፣ ማኅተሙና ግልባጩ መዝገብ ቤት ቀርተዋል። ማስታወቂያና አዋጅ የምናረቅ ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ የምንጽፈው ለፈራሚው ነው። ረቂቁ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር የሚያርመው ኃላፊ፣ የሕግ ክፍሉ፣ ነገ የሚመጣው ኦዲተር ፊታችን ይደቀናሉ፤ ጎረቤቱ ትዝ አይለንም። የእኔ ክርክር አርቃቂ መጻፍ ያለበት ለዚያ ጎረቤት፣ ከሰሚው ለሚሰማው ሰው ነው የሚል ነው። እንዲህ መጻፍ ሕጉን እንደሚያላላው የሚፈሩ አሉ፤ እንደሚያጠብቀው ለማሳየት እሞክራለሁ።

በላስታ ደጋ ይህ የአጻጻፍ ምርጫ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ከባሕር ዳር የተነሣ ትእዛዝ ወልድያ ይደርሳል፤ ከወልድያ ላሊበላ፣ ከላሊበላ ቀበሌ ይወርዳል። በየእርከኑ ሸኚ ደብዳቤ ይደረብበታል፣ ሸኚው ደብዳቤም ያንኑ ነገር በሌላ ቃል ይደግመዋል። የመጨረሻው እርከን ላይ ወረቀት ያበቃና ድምፅ ይጀምራል፤ የቀበሌው ሰው በስብሰባ፣ በገበያ ወይም ቅዳሴ ሲወጣ በደጀ ሰላም ያነበዋል። መንደሮቹ በሸንተረርና በገደል የተለያዩ ናቸውና ለንባቡ የሚገኘው ከነዋሪው ጥቂቱ ነው። ሌላው የሚሰማው ከእነዚያ ጥቂቶች ነው። እንግዲህ ሕጉ የሚኖረው እነርሱ ተሸክመው ሊሄዱ የቻሉትን ያህል ብቻ ነው።

የድሮው አዋጅ ነጋሪ ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር። ነጋሪቱ ከተጎሰመ በኋላ አፉን የሚከፍትበት ቃል የሰማው ላልሰማው እንዲያሰማ የሚያዝ ነው፤ አዋጁ ፍሬ ነገሩን ሳይናገር በፊት ማሰራጫውን ይሾማል ማለት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ያስነገሩትን የክተት አዋጅ ብዙ ሰው የሚያደንቀው ለወኔው ነው። እኔ የማደንቀው ለአሠራሩ ነው። መነሻው ምክንያት ነው፤ አገር የሚያጠፋ ጠላት ባሕር ተሻግሮ መጣ ይላል። ቀጥሎ ጉልበት ያለውንና የሌለውን ለይቶ ለእያንዳንዱ የድርሻውን ይሰጣል። ጉልበት ኖሮት የሚቀር ምን እንደሚጠብቀው በመሐላ አጽንቶ ይናገራል። መጨረሻ ላይ ለሸዋ ሰው ጊዜና ቦታ ይቆርጣል፤ እስከ ጥቅምት እኩሌታ፣ ወረኢሉ፣ እዚሁ ወሎ። የሰማው ሰው ሁሉን ቢረሳ «ጥቅምት እኩሌታ፣ ወረኢሉ» የምትለው አትጠፋውም፣ ምክንያቱም የመጨረሻዋ ናት፣ አጭርም ናት። ዛሬ እኛ ቀንና ቦታን በሦስተኛው አንቀጽ መካከል እንቀብራቸዋለን።

ከዚያ ወደ ኋላ ከሄድን ላስታ ራሷ የምታስተምረን አለ። በንጉሥ ላሊበላ ስም የተጻፉ የመሬት ስጦታዎች በላሊበላ ቤተ መድኃኔዓለም ወንጌልና ዛሬ ኤርትራ ውስጥ በሚገኘው በሽመዛናው ደብረ ሊባኖስ ወርቃማ ወንጌል ተመዝግበው ይገኛሉ፤ የኋለኛውን ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1901 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። የእነዚህ ጽሑፎች አሠራር ዛሬ ቢሮ ውስጥ ለሚጽፍ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ሰጪው ማን ነው፣ የተሰጠው ምን ነው፣ ለማን ነው፣ በዚያን ጊዜ በየሹመቱ ላይ የነበሩት እነማን ነበሩ፣ ይህን የሚያፈርስ በምን ይገዘታል። ሹማምንቱ የተዘረዘሩት ለክብራቸው ብቻ አይመስለኝም። እያንዳንዱ ስም የሚያውቅና ሲጠየቅ የሚናገር ሰው ነው፤ የዘመኑ ግልባጭ ልንለው እንችላለን። ልዩነቱ የእኛ ግልባጭ ከቢሮ ወደ ቢሮ ብቻ መሄዱ ነው። የሚመለከተው ገበሬ በግልባጩ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ሰነዱ የተቀመጠበት ቦታም ታስቦበታል፤ ማንም እጁን ሊያስረዝምበት የማይደፍረው መጽሐፍ ውስጥ ነው።

ነጋሪት ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. ሲቋቋም የከበሮውን ስም ይዞ ነው። በጸሐፌ ትእዛዝ ፊርማ የሚወጣው ጋዜጣ አንድ ትልቅ ነገር አስገኘ፤ የሕጉ ቃል አንድና ቋሚ ሆነ፣ ማንም ፈልጎ ሊያገኘው ቻለ። ይህን ማቃለል አይገባም። የየካቲት 1967ቱን የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ዝርዝር፣ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር የማይበልጥ የሚለውን ጭምር፣ ለክርክር በማይመች ሁኔታ ያኖረልን ጋዜጣው ነው። ዛሬም የፌዴራሉ ሕግ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ፣ የአማራ ክልል ሕግ በዝክረ ሕግ ይታተማል። የጠፋው ሌላ ነገር ነው። ጋዜጣው ሲመጣ አርቃቂው ከሰሚው ጋር የነበረው ውል ተቋረጠ። ከበሮው በስም ብቻ ቀረ፣ አጻጻፉም ዓይንን እያየ መሄድ ጀመረ።

ይህ በአረፍተ ነገር ደረጃ ምን እንዳመጣ እንይ። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ሰሚው የታዘዘውን የሚያውቀው አረፍተ ነገሩ ሲዘጋ ነው። አንባቢ ዓይኑን ወደ ታች ወርውሮ ግሡን ይፈልገዋል፣ ሰሚ ግን ይጠብቃል። አርቃቂው «በመሆኑ»፣ «ስለሆነ»፣ «እንደተጠበቀ ሆኖ» እያለ ባስረዘመው ቁጥር ሰሚው ትእዛዙ ሳይደርሰው ይደክማል። «የንዑስ አንቀጽ 1 ድንጋጌ እንደተጠበቀ ሆኖ» የሚለው ሐረግ ለአንባቢ ገጽ ገልጦ መመለስ ነው፤ ለሰሚ የሚመለስበት ገጽ የለም። ለምሳሌ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ እናስብ፦ «በክልሉ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ሕግ መሠረት በቀበሌው የሚገኙ ይዞታዎች የልኬት ሥራ የተጠናቀቀ በመሆኑና ውጤቱም ለሕዝብ ዕይታ የቀረበ ስለሆነ፣ ቅሬታ ያላቸው ባለይዞታዎች በተቀመጠው የጊዜ ገደብ ውስጥ ለሚመለከተው አካል እንዲያቀርቡ ይገለጻል።» ስሕተት የለበትም። የሕግ ክፍሉም ያሳልፈዋል። ማታ ጎረቤት ጋ የሚደርሰው ግን «መሬት ተለክቷል አሉ» የሚለው ብቻ ነው፤ የጊዜ ገደቡ ቀን የለውም፣ የሚመለከተው አካልም ቤቱ የት እንደሆነ አይታወቅም። በዚህ ቋንቋ ከ«የሚመለከተው አካል» የበለጠ ሰው የደበቀ ሐረግ ያለ አይመስለኝም።

ያው ነገር ለጆሮ ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦ «መሬታችሁ ተለክቷል። ካርታው ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ተሰቅሏል። መጥታችሁ እዩ፤ ባልም ሚስትም ይምጡ። ድንበሬ ተሳስቷል የሚል ለቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ይናገር፤ ቃሉን መቀበላችንን የሚያሳይ ወረቀት ሳይዝ አይሂድ። የመጨረሻው ቀን ጥር 21 ነው።» ቃሉ አልበዛም፣ ግዴታው ግን በዛ። በመጀመሪያው ጽሑፍ ቢሮው ምንም ቃል አልገባም ነበር፤ በሁለተኛው ካርታ ለመስቀልና ደረሰኝ ለመስጠት ቃል ገብቷል። «ባልም ሚስትም» የሚለውም ለማሳመር የገባ አይደለም። በክልሉ የይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ ይሰፍራል፤ ሕጎቻችን ደግሞ በወንድ ፆታ የተገለጸው ሴትንም ያካትታል የሚል አንቀጽ አላቸው። ያ አንቀጽ ገበያ ላይ ተነቦ አያውቅም። ስለዚህ ማስታወቂያው ራሱ ሴቷን መጥራት አለበት።

ቀኑን በተመለከተ አንድ የሙያ ነገር ልጨምር። በላስታ «ጥር 21» ከሚለው ይልቅ «ለአስተርእዮ ማርያም» የሚለው ከሰው አእምሮ አይጠፋም፤ 12 ሚካኤል፣ 19 ገብርኤል፣ 27 መድኃኔዓለም እያለ ወሩን የሚቆጥር ሕዝብ ነው። ነገር ግን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ይለያል፤ ማስታወቂያው የሙስሊሙ ጎረቤትም ነው። በተጨማሪም በዓል ብቻውን ያሳስታል፦ ጳጉሜን 6 በሆነች ማግስት ባለው ዓመት ገና ታኅሣሥ 28 ስለሚውል «እስከ ገና» የተባለና «እስከ ታኅሣሥ 29» የተባለ በአንድ ቀን ይለያያሉ። እኔ የምመርጠው ቀኑን በቁጥር ጽፎ የገበያ ቀን ማስጠጋት ነው፤ «ጥር 21፣ ከቅዳሜው ገበያ በኋላ ባለው ሐሙስ» እንደማለት። ገበያ የሁሉም ነው። በዓሉን አንባቢው በቃሉ ቢጨምር ማንም አይከሰውም።

የሹመት ማስታወቂያ ደግሞ የባሰ ነው፣ አጭር መሆኑ እንጂ። ድሮ ገዢው ዋግሹም ሲሾም የላስታና የዋግ ሰው ማወቅ የሚፈልገው ግብሩን ለማን እንደሚያገባና አቤት የሚለው ለማን እንደሆነ ነበር። ዛሬ የሚወጣው ፎቶግራፍና «እንኳን ደስ ያለዎት» ነው። የቀድሞው ኃላፊ ፊርማ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደማይሠራ፣ በእርሱ ተጀምሮ ያላለቀው ጉዳይ ማን ዘንድ እንደሚቀጥል የሚገልጽ የሹመት ማስታወቂያ ብርቅ ነው።

አሁን ተቃውሞዎቹን እንስማ። የመጀመሪያውና ጠንካራው፣ ሕግ ትክክለኛነት ይፈልጋል፣ ለገበያ የተቃለለ ቃል ነገ ፍርድ ቤት ላይ መዘዝ ያመጣል የሚለው ነው። ሁለት ቃል ካለ ሁለት ሕግ ይኖራል ይላሉ። እውነት አለበት፤ ግን ከሁለት ቃል ጋር መኖር ለእኛ አዲስ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 3/1987 የፌዴራል ሕጎች በአማርኛና በእንግሊዝኛ እንዲታተሙ ሲያዝ ልዩነት ቢኖር አማርኛው የበላይ ይሁን ብሎ ችግሩን ቆርጦታል። ለማስታወቂያም እንዲሁ መቁረጥ ይቻላል፦ መብትና ግዴታውን የሚወስነው የታተመው ሕግ ነው፤ በቀን፣ በቦታና በተቀባዩ ቢሮ ጉዳይ ግን ቢሮው በተናገረው ይታሰራል። ደግሞስ ያ የመጀመሪያው ጽሑፍ ትክክለኛ ነው ያለው ማን ነው? «በተቀመጠው የጊዜ ገደብ» ከ«ጥር 21» በምን ይልቃል?

ሁለተኛው፣ ሕጉ ከታተመ በቂ ነው፣ አላወቅሁም ማለት አያድንም የሚለው ነው። በእርግጥ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 81 ሕግን አለማወቅ መከላከያ እንደማይሆን ይደነግጋል፤ ግን ያው አንቀጽ በቅን ልቦና ለተሳሳተ ሰው ዳኛው ቅጣቱን የሚያቀልበትን በር ይከፍታል። ሕጉ ራሱ ኅትመት ብቻውን ሁሉንም እንደማያዳርስ ያምናል። በዚያ ላይ አብዛኛው ማስታወቂያ የወንጀል ጉዳይ አይደለም፤ የድንበር፣ የውርስ፣ የጨረታ ነው፤ ቀኑ ያለፈበት ሰው የሚያጣው የራሱን ነው።

ቴሌግራምና ፌስቡክ እያለ የምን ገበያ ለሚለው መልሴ አጭር ነው። በ2014 የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላን ከእጅ ወደ እጅ ሲያፈራርቃት መብራትና ስልክ ተቋርጦ ነበር፤ በ2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ወቅት በክልሉ ኢንተርኔት ተቋርጧል። አዋጅ በጣም በሚያስፈልግበት ቀን የሚጠፋ መንገድ ረዳት ይሁን እንጂ ዋና አይሁን። በስልክ የሚዞር ደብዳቤ ማኅተሙ ተቆርጦ የተለጠፈበት እንደሆነ ለመለየትም ይቸግራል።

የሚከብደኝ ተቃውሞ ሌላው ነው፦ ነጋሪት የገዢ ድምፅ ነበር፣ ሕዝቡ የሚሰማው አንገቱን ደፍቶ ነው፣ ይህን መናፈቅ ለምን? አልናፍቀውም። የ1888ቱ አዋጅ አቤት የሚባልበትን ቦታ አልተናገረም፤ የንጉሥ ላሊበላም ስጦታ መሬቱን የሚያርሰውን ሰው አልጠየቀም። ከእነርሱ የምንወስደው አነጋገራቸውን ነው፤ የሚጎድላቸው የመመለሻው መንገድ ነው። አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል ተቋማት የመመሪያ ረቂቅ ከመጽደቁ በፊት ለአስተያየት እንዲቀርብ ማዘዙ በዚህ በኩል ትልቅ እርምጃ ነው። ያ አሠራር ቀበሌ ድረስ ቢወርድ መልኩ ቀላል ነው፦ ማስታወቂያው ሲነበብ ማን፣ የት፣ በየትኛው ቀን እንዳነበበውና ሰሚዎቹ ምን እንደጠየቁ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ወረቀቱም ወደ አርቃቂው ይመለስ። በሦስት ቀበሌ ያለ ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ ከጠየቀ ጥፋቱ የአርቃቂው ነው፤ ማስታወቂያው ታርሞ በአዲስ ቁጥር ይውጣ፣ ቀነ ገደቡም ከአዲሱ ንባብ ቀን ጀምሮ ይቆጠር።