«አሉ» ማን ነው?

ሳንስክሪት በሚባለው ጥንታዊ የሕንድ ቋንቋ «ኪምቫዳንቲ» የሚል ቃል አለ። «ኪም» ማለት «ምን» ነው፤ «ቫዳንቲ» ደግሞ «ይላሉ»። አንድ ላይ «ምን ይላሉ?» ቢመስልም የሚያገለግለው ለጥያቄ አይደለም። ወሬ፣ አፈ ታሪክ፣ ከአፍ ወደ አፍ የሚዞር ነገር ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። ለተረትና ምሳሌ ሌላ ቃል አላቸው፤ «ሎኮክቲ»፣ የሕዝብ አባባል እንደማለት።

እኛስ? እኛማ «አሉባልታ» አለን። የእነሱ ቃል በጥያቄ ሲጀምር የእኛው በመልስ ነው የሚጀምረው፤ «አሉ» ብሎ!

ይህችን «አሉ» ለመታዘብ ከባሕር ዳር የጎንደርን መንገድ ይዞ ሐሙሲት ላይ መውረድ ይበቃል። ከተማዋ በስሟ ሐሙስን የምትጠራ ናት። ገበያ መቼም ድሮ ነጋሪት እየተጎሰመ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» የሚባልበት ቦታ ነበር። ታዲያ አዋጁ ባለቤት ነበረው፤ ማን እንዳስነገረው ይታወቃል። ገበያተኛው ከእህሉ ጋር ይዞት የሚገባው ወሬ ግን ባለቤት የለውም። «ጤፍ ሊወደድ ነው አሉ።» ማን አለ? «ሰው ነዋ!»

ሰዋስዉን ልብ በሉልኝ። «ጎረቤቶቼ እንዲህ አሉ» ስንል ብዙዎች ናቸው፤ «አባቴ እንዲህ አሉ» ስንል ደግሞ አንድ የተከበሩ ሰው ናቸው። «አሉ» ለሁለቱም አንድ ነው። እናም ማንነቱ የማይታወቀው ወሬኛ በአንዲት ቃል ሕዝብም ሽማግሌም ሆኖ ያርፈዋል። ለተራ ወሬ ከዚህ የበለጠ ምን ሹመት አለ?

የሕዝብ አፍ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። የድሮ ነገሥታት «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል። (ይኸው፣ እኔም «ይባላል» አልኩ።) እዚያ ጥያቄ ውስጥ ግን ቢያንስ ተናጋሪው አለ፤ እረኛው።

ከሐሙሲት ወደ ወረታ አቅጣጫ ሲኬድ ፎገራ ይደረሳል፤ የአለቃ ገብረ ሐና አገር። ባለቤቱ የጠፋ ቀልድ ሁሉ የተጠጋው እሳቸውን ነው። ሌላ ሰው የቀለደውም፣ ትናንት የተፈጠረውም «አለቃ ገብረ ሐና አንድ ቀን» ተብሎ ይጀመራል። በዚህ ማን ተጎዳ ትሉኝ ይሆናል። አለቃ ተጎዱ! እኚህ ሰው በ19ኛው መቶ ዓመት የነበሩ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ናቸው፤ በልጃቸው ስም የሚጠራው የተክሌ አቋቋም መነሻውን ከእሳቸው ይቆጥራል። ይህን የሚያውቀው ደብተራው ነው። ሌላው አገር አለቃን የሚያውቃቸው ከወይዘሮ ማዘንጊያ ጋር ሲነታረኩ ብቻ ነው። «አሉ» ሊቁን ውጦ ቀልደኛውን አስቀረልን።

ቀልድስ ቢሆን አይገድልም። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም፣ አዲስ ዓለም በምትባል ቦታ፣ ለጥናት የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች «ልጆቻችንን ሊመርዙ ነው» በሚል ወሬ በተቆጣ ሕዝብ እጅ ተገደሉ። መጀመሪያ «አሉ» ያለው ማን ነበር? ከማን ሰማ? መርዙንስ ማን አየ? ይህን የሚጠይቅ አንድ ሰው በጊዜው ቢገኝ ኖሮ ከብዙ ዱላ ይበልጥ ነበር።

«ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» እንላለን። ይህን ተረት ሁሌም እንደ ማስጠንቀቂያ እናነሳዋለን እንጂ ጉድለቱን አናይም። በተረቱ የምትሞተው ዶሮዋ ራሷ፣ የሰማችው ናት። አዲስ ዓለም ላይ ግን የሞቱት የሰሙት ሳይሆኑ የተወራባቸው ናቸው።

ዛሬ ደግሞ ወሬው ሐሙስን አይጠብቅም። በስልክ ይመጣና ከግርጌው «ሼር አድርጉት» የሚል ይከተለዋል። የነጋሪቱ «ላልሰማ አሰማ» ማለት እኮ ነው፤ የጎደለው አዋጁን ያስነገረው ሰው ብቻ ነው።