አምፖል አያታልልም

በምማርበት ዩኒቨርሲቲ አንዲት ባድሚንተን የምትጫወት ጓደኛዬ ከቡድን ተቀነሰች። ምክንያቱ ቢፕ ቴስት ነው፦ ድምፁ በጮኸ ቁጥር 20 ሜትር እየሮጡ መመላለስ፣ ፍጥነቱ ደግሞ በየደቂቃው ይጨምራል። እሷ ቀድማ ቆመች። ፈተናውን ካለፉት ልጆች ሁለቱን ግን ሜዳ ላይ ደጋግማ ታሸንፋቸው ነበር። «ደካማ ነኝ ማለት ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ መልሴ «እንጃ» ነበር።

እስቲ ትንሽ እንለካ። የነጠላ ባድሚንተን ሜዳ 13.4 በ5.18 ሜትር ነው፤ መሃሉ ላይ መረብ ስላለ የአንድ ተጫዋች ድርሻ ርዝመቱ 6.7 ሜትር ብቻ ነው። 20 ሜትር ቀጥ ብሎ የሚሮጥበት ቦታ እኮ የለም! ያለው ሁለት ሦስት እርምጃ፣ ድንገተኛ ፍሬን፣ እግርን አርቆ ዘርግቶ መምታት፣ ወደ መሃል መመለስ፣ እንደገና። ቢፕ ቴስት የልብና የሳንባን አቅም በርካሽ ለመገመት ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ይህን ሁሉ ግን አያይም።

ለዚህ ችግር ከተሞከሩት መልሶች የምወደው በ1995 እ.ኤ.አ. በብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ ስፖርትስ ሜዲስን የወጣውን የሆንግ ኮንግ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ሜዳው ላይ ስድስት አምፖሎች ተከሉ። አምፖሎቹ በፕሮግራም ተራ በተራ ይበራሉ፤ ተጫዋቹ ወደበራው ይሮጣል፤ ፍጥነቱም በደረጃ ይጨምራል። የተፈተኑት 12 የብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾች ናቸው። ከፍተኛ የልብ ምታቸው በአማካይ በደቂቃ 187 ደርሷል፤ ቀልድ አይደለም። በመሐንዲስ ዓይን ሳየው ያምራል፦ ቀላል ነው፣ ነገ ቢደገምም ያው ቅደም ተከተል ነው።

ግን ውጤቱ ከተጫዋቾቹ የደረጃ ዝርዝር ጋር ሲነጻጸር ተዛምዶው 0.65 ሆነ (1 ማለት ፍጹም መገጣጠም፣ 0 ማለት ምንም)። ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ዝቅተኛ ነው ብለውታል፤ ምናልባት ከአካል ብቃት ውጭ ያሉ እንደ ቴክኒክና የአእምሮ ጥንካሬ ያሉ ነገሮች ይሆናሉ ሲሉም ግምታቸውን ሰጥተዋል። ሁለት ነገር አልተዋጠልኝም።

አንደኛው ቁጥሩ ራሱ ነው። 12 ሰው በጣም ጥቂት ነው። በተለመደው ቀመር ሳሰላው እውነተኛው ተዛምዶ ከ0.12 እስከ 0.89 የትም ሊሆን ይችላል። ከ«እዚህ ግባ አይባልም» እስከ «በደንብ ይገጥማል» ማለት ነው። በዚህ ስፋት ላይ ቆሞ ምክንያት መፈለግ ችኮላ ነው።

ሁለተኛው ይብሳል። አምፖል አያታልልም። ተጋጣሚ ግን በኃይል ሊመታ መስሎ ላባዋን ኳስ መረቡ ሥር ጠብ ያደርጋታል። ጎበዝ ተጫዋች ይህን ከክንዱና ከራኬቱ አቅጣጫ ቀድሞ ያነብበዋል፤ ቀድሞ ስለሚነሳም መጣደፍ አያስፈልገውም። በአምፖሉ ፈተና ግን ይህ ብልሃት ዋጋ የለውም፤ ሁሉም መብራቱን ነው የሚጠብቀው። ታዲያ ይህ «ከአካል ብቃት ውጭ» የሚባል ነው? አይመስለኝም፤ የሚቆጥበው እኮ ትንፋሽን ነው። ጓደኛዬም የምታሸንፈው በዚሁ ነበር።

በአምፖሉ ፋንታ እውነተኛ ተጋጣሚ ብናቆም ደግሞ ፈተናው በየቀኑ ይለያያል፤ የትናንቱን ከዛሬው ማወዳደር አንችልም። እኔ ብሆን በቪዲዮ የተቀረጸ ተጋጣሚ ከፊታቸው አሳያለሁ፦ ለሁሉም ያው ምስል፣ ማታለያው ሳይቀር። እስከዚያው የአምፖሉ ፈተና አንድን ተጫዋች ከራሱ ካለፈው ወር ውጤት ጋር ለማወዳደር ይበቃል። ሰው ከቡድን ለመቀነስ ግን አልጠቀምበትም፤ ቢፑንማ ጭራሽ።