«እናቱስ?» የስደት መጽሐፍ ክፍል ውስጥ ምን ይሠራል?

ባለፈው ክረምት ቤተሰብ ልጠይቅ ገነተ ማርያም ሄጄ ነበር። ማታ ማታ ለአክስቴ ልጆች አንድ የእንግሊዝኛ ልቦለድ በአማርኛ እየመለስኩ አነብላቸዋለሁ። ሦስተኛው ማታ ላይ ትንሿ፣ የአምስተኛ ክፍል ተማሪዋ፣ አቋረጠችኝ፦ «ጋሼ፣ እናቱስ? እሷ ምን እያደረገች ነው?» መልስ አልነበረኝም። የዚች ልጅ ታላቅ ወንድም በጅቡቲ በኩል ወደ ሳውዲ ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነው። እናቷ ስልኩን ከአጠገቧ አትለይም። ስለዚህ ጥያቄው የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አልነበረም።

መጽሐፉ የእንግሊዛዊው ገጣሚ የቤንጃሚን ዘፋንያ «ሬፊውጂ ቦይ» ነው፤ «ስደተኛው ልጅ» እንበለው። የታተመው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ባለታሪኩ የ14 ዓመቱ ዓለም ኬሎ ነው፤ አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። ሁለቱ አገሮች ሲዋጉ አባቱ ለዕረፍት እንደሚሄዱ ነግሮት እንግሊዝ ይወስደውና፣ ሕይወቱን ለማትረፍ ሲል እዚያው ትቶት ይመለሳል። እንግሊዝ ውስጥ መምህራን ተማሪዎቻቸው የስደተኛን ኑሮ እንዲረዱ ያስነብቡታል። ኢትዮጵያዊት እናት ያሉት፣ ነገር ግን በእንግሊዝ አሳዳጊ ቤተሰብና ማሳደጊያ ውስጥ ያደገው ገጣሚ ለምን ሲሳይ ደግሞ በ2013 ወደ መድረክ ቴአትር ቀይሮታል።

እኔ የተማርኩት ምህንድስና እንጂ ሥነ ጽሑፍ አይደለም። ግን መክፈቻው ላይ የላብራቶሪ ሽታ ሸተተኝ። በሙከራ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ትቀይራላችሁ፣ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትተዉታላችሁ፤ ያኔ ለውጡን ያመጣው ምን እንደሆነ ይለያል። ዘፋንያም እንዲህ ነው ያደረገው። መጀመሪያ ኢትዮጵያ ውስጥ ወታደሮች በር ሰብረው ይገቡና እናትየውን ጠላት ይሏታል። ቀጥሎ ኤርትራ ውስጥ ያው ትዕይንት በተቀራራቢ ቃላት ይደገማል፤ አሁን ጠላት የተባለው አባትየው ነው። ቤተሰቡ ያው፣ ፍርሃቱ ያው፣ የተቀየረው ድንበሩ ብቻ። ስለ ጥላቻ ከንቱነት ረጅም ስብከት ከመስማት ይህን መክፈቻ ማንበብ ይሻላል።

እሺ፣ ግን መጽሐፍ ማንበብ በእውነት ርኅራኄን ይጨምራል? እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ2013 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ለጥቂት ደቂቃ ጥሩ ልቦለድ ማንበብ የሌላውን ስሜት የመረዳት ችሎታን ያሻሽላል አለ። ሌሎች ተመራማሪዎች ሲደግሙት ግን ያው ውጤት አልመጣላቸውም። በ2018 ደግሞ 14 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ወጣ፤ ውጤቱ አለ፣ ነገር ግን ትንሽ ነው። መጽሐፍ ክኒን አይደለም፣ ውጠውት አይሠራም።

የበለጠ የሚያስተምረን በ2006 እንግሊዝ ውስጥ ከ5 እስከ 11 ዓመት በሆናቸው 253 ሕፃናት የተሠራ ጥናት ነው። ልጆቹ የተነበበላቸው በእንግሊዛዊና በስደተኛ ልጆች መካከል ስላለ ጓደኝነት ነበር፤ ከዚያም በቡድን ተወያይተዋል። ለስደተኞች ያላቸው አመለካከት ተሻሻለ። ከሁሉ በላይ የሠራው ደግሞ «እሱም የእኛ ትምህርት ቤት ልጅ ነው፣ ስደተኛም ነው» የሚለው አቀራረብ ነው፤ ማለትም ማንነቱን ሳይፍቅ አንድነቱን የሚያሳይ። የዘፋንያ መጽሐፍ በዚህ በኩል ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ዓለም ሐበሻነቱን ሳይጥል ለንደን ውስጥ ጓደኞች ያፈራል፤ እንግሊዝ እንዳታባርረው ጓደኞቹ ሰልፍ ይወጡለታል።

የሚጎድለው የት ነው? ያቺ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የነካችው ቦታ ላይ። ታሪኩ ከጥቂት ገጽ በኋላ አገር ቤትን ጥሎ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ አገር ቤት ማለት ወታደር፣ ሥጋትና ከሩቅ የሚመጣ ደብዳቤ ብቻ ነው። የእናትየውን ውሎ አናይም። መጽሐፉ የተጻፈው ስደተኛ ለሚቀበል ክፍል ነው። የእኛ ክፍል ደግሞ ስደተኛ የሚልክ፣ ተመላሽ የሚቀበልም ነው። በ2013 መጨረሻ ሳውዲ ዓረቢያ ማስወጣት ስትጀምር በወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። በ2021 ጦርነቱ ላስታ ሲደርስ ደግሞ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ሸሽቷል።

ስደት ለላስታ ልጅ ባዕድ ታሪክ አይደለም። ከመስከረም 26 ጀምሮ ለ40 ቀን፣ በወርኃ ጽጌ፣ እናት ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷ በየቤተ ክርስቲያኑ በማኅሌት ይታሰባል። በዚያ ታሪክ ውስጥ እናትየው መሐል ላይ ናት። የአክስቴ ልጅ «እናቱስ?» ማለቷ ምን ይገርማል?

መምህር ከሆናችሁ ወይም የንባብ ክበብ ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከዓረብ አገር የተመለሰን ወይም የተፈናቀለን ልጅ «ተነስና ያየኸውን ንገረን» አትበሉት። መጽሐፍ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ የዓለምን ታሪክ እያነሳን እንወያያለን፣ ያ ልጅ ከፈለገ ይናገራል፣ ካልፈለገ ዝም ይላል። ደግሞም ውይይቱ «ውይ ሲያሳዝን!» ላይ እንዳይቆም። «እኔ ብሆንስ? ክፍላችን ቢመጣ ከማን ጋር ይቀመጣል?» እስኪባል ቀጥሉ።

እኛ ያን ማታ ምን አደረግን? ደብተር ሰጠኋትና «እናትየው ምን እያደረገች እንደሆነ አንቺ ጻፊው» አልኳት። አንድ ገጽ ጻፈች። የጻፈቻት እናት ቡና አፍልታ፣ አንድ ሲኒ ለልጇ ቀድታ፣ ስልኩ እስኪጮህ ትጠብቃለች። የቤንጃሚን ዘፋንያ መጽሐፍ ውስጥ ያጣሁትን ገጽ እሷ ደብተር ላይ አገኘሁት።