ጧሪነትና የጥራት መለኪያ፦ ሁለት ሰነዶች ከለቡ ሲነበቡ

በአገራችን «ጧሪ ቀባሪ» የሚባለው ሰው ግዴታው እንጂ ችሎታው ተጠይቆ አያውቅም። ልጅ ወላጁን ይጦራል፤ ልጅ ከሌለ ዘመድ፣ ዘመድ ከሌለ ጎረቤት፣ ጎረቤት ከሌለ ምጽዋት ይተካል። አረጋዊው በምን ዓይነት አያያዝ ይጦራል የሚለው ጥያቄ ግን ለየቤቱ ደግነት የተተወ ሆኖ ቆይቷል። ይህን ክፍተት ለመሙላት ከወጡት ሰነዶች መካከል ሁለቱን የጤና ባለሙያዎች በጥሞና ሊመረምሯቸው ይገባል። አንደኛው የአፍሪካ ኅብረት በጥር ወር 2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያጸደቀውና በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የአረጋውያን መብቶች ፕሮቶኮል ነው። ሁለተኛው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው የአረጋውያን የተቀናጀ እንክብካቤ መመሪያ ነው።

ፕሮቶኮሉ በአንቀጽ 11 የአረጋውያን መኖሪያ ማዕከላት የሚሰጡት እንክብካቤ ብሔራዊ ዝቅተኛ መለኪያን የሚያሟላ እንዲሆን አባል አገሮችን ያስገድዳል። ማስታገሻ ሕክምና ላይ ያሉ አረጋውያንም በቂ የሕመም መድኃኒት እንዲያገኙ ይደነግጋል። ይህ የሚመሰገን ነው። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንደሚረዳ ተደንግጓል፤ ፕሮቶኮሉ ደግሞ እርዳታ መኖሩን ብቻ ሳይሆን የእርዳታውንም ደረጃ ይጠይቃል።

ይሁን እንጂ አንቀጹ ከንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከለቡ ሲነበብ ጉድለቱ ይገለጣል። በለቡ ግቢ ባላቸው ቤቶችም ሆነ በአጎራባቹ ጀሞ አሳንሰር በሌላቸው የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች የሚኖሩት አረጋውያን ማዕከል ገብተው አይጦሩም። ልጆቻቸው ለሥራ ሲወጡ አብራቸው የምትውለው ብዙውን ጊዜ የቤት ሠራተኛ ናት። ምግብ የምታበስለው፣ ልብስ የምታጥበው፣ ሽማግሌውን ከአልጋ የምታነሣው፣ መድኃኒት የምትሰጠው አንዲት ወጣት ናት። የፕሮቶኮሉ አንቀጽ 10 ስለ ቤተሰብና ስለ ማኅበረሰብ ድጋፍ ቢናገርም፣ መለኪያን የሚጠቅሰው አንቀጽ 11 በማዕከላት ላይ ብቻ ያተኩራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የግል አገልግሎት ቅጥርን ከተፈጻሚነቱ ወሰን አውጥቶ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል። በመሆኑም ከባዱን ሸክም የተሸከመችው አስታማሚ በመለኪያውም በሕጉም ዳር የቆመች ናት።

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በዚህ ረገድ ይሻላል። ትኩረቱ በበሽታ ስም ላይ ሳይሆን አረጋዊው ማድረግ በሚችለው ነገር ላይ ነው። የማስታወስ ችሎታን፣ እንቅስቃሴን፣ አመጋገብን፣ ዓይንን፣ ጆሮንና ስሜትን ሐኪም ያልሆነ ሰው በጥቂት ደቂቃ ሊፈትሽ ይችላል፤ የአስታማሚውንም ድካም አይዘነጋም። ይሁንና መመሪያው እንዳለ ከተገለበጠ ስሕተት ላይ ይጥላል። የማስታወስ ፈተናው ሙሉ ቀኑን ይጠይቃል። «ዛሬ ማርያም ናት» ብለው የመለሱ እናት ቀኑ ከወሩ 21ኛው ከሆነ በትክክል መልሰዋል። በሒጅራ አቆጣጠር የመለሱ አባትም እንደዚሁ። ባለፉት 3 ወራት ከ3 ኪሎ ግራም በላይ ቀንሰው እንደሆነ ይጠየቃል፤ ሚዛን በሌለበት ቤት ግን የሚታየው የሰፋ ቀሚስና የጠበበ የቀበቶ ቀዳዳ ነው። በክንድ ሳይደገፉ ከወንበር 5 ጊዜ በ14 ሴኮንድ መነሣትን የሚለካው ፈተናም በበርጩማ ላይ ከተደረገ ውጤቱ ሌላ ይሆናል። እነዚህ እንቅፋቶች መመሪያውን ለመጣል ምክንያት አይሆኑም፤ ለማላመድ እንጂ።

የበለጠ የሚያሳስበው መለኪያ ከሚጠይቀው ጋር የሚሰጠው ድጋፍ አለመመጣጠኑ ነው። የአልጋ ቁስል ጥሩ ምሳሌ ነው። በተለመደው ሥልጠና አስታማሚ የመጀመሪያውን ምልክት፣ ማለትም ሲጫኑት የማይጠፋውን ቅላት እንድትፈልግ ይነገራታል። በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ጎልቶ ላይታይ ይችላል። መማር ያለባት በእጇ ዳብሳ ሙቀቱን፣ መጠንከሩን ወይም መላላቱን እንድትለይ፣ ሕመም መኖሩንም እንድትጠይቅ ነው። በየ2 ሰዓቱ አገላብጪ የሚለው ትእዛዝም በሒሳብ ይፈተን። አንዲት የሌሊት ተረኛ 20 የአልጋ ቁራኞች ቢኖሯት፣ እያንዳንዱን ለማገላበጥ 5 ደቂቃ ቢፈጅባት፣ ከ120 ደቂቃ ውስጥ 100ው ያልቃል። በቀሪው 20 ደቂቃ ዳይፐር መቀየር፣ ውኃ ማጠጣትና ሽንት ቤት ማድረስ አለባት። ቁስል በተገኘ ጊዜ ተጠያቂ የምትሆነው እሷ ከሆነች መለኪያው ፍትሕ የለውም።

የሌሎች አገሮች ልምድ ይህንኑ ያሳያል። አውስትራሊያ ለአረጋውያን ማዕከላት የጥራት መለኪያና የዕውቅና ሥርዓት ከነበራት ቆይታለች፤ ሆኖም የንጉሣዊ አጣሪ ኮሚሽኗ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ጊዜያዊ ሪፖርት ርእሱ «ቸልተኝነት» የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ አገሪቱ መለኪያውን በጊዜ አሰረችው፤ ከጥቅምት 2024 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ለአንድ አረጋዊ በቀን በአማካይ 215 ደቂቃ እንክብካቤ፣ ከዚህም 44ቱ በተመዘገበ ነርስ እንዲሰጥ ይጠበቃል። በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ሕግ ለረዳት ነርሶች ቢያንስ የ75 ሰዓት ሥልጠና ግዴታ አድርጓል። በዚያ አገር በረዳት ነርስነት የሚያገለግሉ ኢትዮጵያውያን ይህንኑ ሥልጠና አልፈዋል። ለቡ ላይ የተቀጠረችው እኅታቸው ግን የአንድ ሰዓት ትምህርት እንኳ ሳታገኝ ሥራ ትጀምራለች።

መለኪያ ከጠበቀ ማዕከላት ይዘጋሉ የሚለው ሥጋት መሠረት አለው። በ2002 ዓ.ም. በአቶ ቢንያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ከጎዳና ያነሣቸው ወገኖች በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። እንዲህ ያለ ሥራ በበጎ ፈቃድና በልግስና የቆመ በመሆኑ በአንድ ጀንበር የበለጸገ አገር መመዘኛ ቢጫንበት ጎዳናውን እንጂ አረጋዊውን አይጠቅምም። ለዚህ መልሱ መለኪያውን ማስቀረት አይደለም። በደረጃ መጀመር ነው፤ በቅድሚያም ገንዘብ የማይጠይቁትን ማስቀደም ነው። አረጋዊን ቀጥ አድርጎ አስቀምጦ ማብላት፣ ከበሉም በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል እንዳይተኙ ማድረግ፣ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በአንድ ወረቀት መመዝገብ፣ የወደቁበትን ቀንና ሰዓት መጻፍ ከነዚህ ውስጥ ናቸው።

በቤት ላሉት ደግሞ መንገዱ ከወዲሁ ተጠርጓል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ባለሙያዎችን በየቤቱ ይልካል። ለእናትና ለሕፃን የሚንኳኳው በር ለአረጋዊና ለአስታማሚውም ሊንኳኳ ይገባል፤ ጉብኝቱም ጥፋት ለመመዝገብ ሳይሆን እያሳዩ ለማስተማር መሆን አለበት። በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ያለው ሐኪምና ነርስም ድርሻ አለው። ዳያዜፓም ወይም አሚትሪፕቲሊን ለአረጋዊ ሲታዘዝ መድኃኒቱ ሌሊት ሽንት ቤት ሲሄዱ ሊጥላቸው እንደሚችል ለአስታማሚዋ መንገር ያስፈልጋል። አረጋዊ ከሆስፒታል ሲወጣ መመሪያው የሚነገረው ሒሳብ ለሚከፍለው ልጅ ብቻ መሆኑ መቅረት አለበት። ወደ ቤት ተመልሳ የምታገላብጠው፣ የምታበላውና መድኃኒቱን የምትሰጠው ልጅት ከበሩ ውጭ ቆማ ትጠብቃለች፤ ወደ ክፍሉ ተጠርታ ትማር።